ያልተሞላው ዓምድ

ከቦን የመጣሁ ጸሐፊ ነኝ፣ የውል አዋዋዩ ረዳት፣
ስለ ወይን የማውቀው ቢኖር ዋጋ ነው፣ እሱም ከደረሰኝ አናት።
ሙሴ ኦባን ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው፤
ቮልኔ መንደር፣ ከቤታቸው ስር፣ ምድር ቤቱ ያው እንደ ድሮው ነው፤
ጣሪያው ሻጋታ ለብሶ፣ ግድግዳው ላብ አውጥቶ፣
ጠርሙሱ በየረድፉ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ተኝቶ።

ሶላንዥና ወንድሟ አንሴልም፣ በወይን ማሳ ድንበር
ስድስት ዓመት ተኳርፈው፣ ዛሬ ያገናኛቸው የአባት ውርስ ነበር።
ሦስተኛው ሽማግሌው ባርናቤ ነው፣ የምድር ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣
ለማንም የማያደላ፣ ለአንሴልምም ለሶላንዥ፤
ዳቦ ሲቆርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ቡሽ ሲነቅል ግን ጸጥ ይላል፣ ቡሹም ሳይሰበር ይወጣል።

የኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ሦስት ዓምድ ያሰመርኩበት መዝገብ፦
ዓመት፣ ብዛት፣ ዋጋ፤ ከታች ጠቅላላውን መክተብ።
ዋጋው ግን እንዲታወቅ መቀመስ አለበት ተባለ፤
የተቀመሰውም ጠርሙስ ከብዛቱ ዓምድ ጎደለ።

መጀመሪያ የሰባ ስምንቱ። ባርናቤ ሻማ ለኮሰ፣
አንገቱን ከብርሃኑ በላይ ይዞ፣ አተላው እንዳይከተል ቀስ እያለ አፈሰሰ።
ቀለሙ ቀይ አልነበረም፤ የጡብ፣ የዛገ ብረት፤
ጠርዙ ላይ የብርቱካን ልጣጭ፣ ብርሃን የሚያልፍበት።
ሶላንዥ አሸተተች። «እርጥብ ቅጠል» አለች፤ «እንጉዳይ፤
አባባ ከአደን ሲገባ የሚያወልቀው ጓንቲ፤ ትንሽ የጥቁር ሻይ።»
ጻፍኩ። በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ግን አላወቅሁም፤
«ጓንቲ» የሚባል ዋጋ በሕጉ ውስጥ አላየሁም።

አንሴልም ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሄ ሽማግሌ ደክሟል፤
ፍሬው ሄዷል፤ ኮምጣጤው በር ላይ ቆሟል።»
«አልደከመም፤ ዝም ብሏል፤ ያንተ ጆሮ ጩኸት ነው የሚሰማው።»
«ያንቺ ከንፈር ደግሞ ሰውን ሲሞት ነው የሚስመው።»

የሰማንያ አምስቱ መጣ። በእሱ ማንም አልተጣላ፤
ቼሪው ገና ከነዛፉ፣ ደርሶ ወፍ ያልበላ፤
የደላው ዓመት ልጅ ነው፤ ዝናብ በልኩ፣ ፀሐይ በሰዓቱ፤
እንዲህ ያለ ይመሰገናል እንጂ አይወራለት ሕይወቱ።
የዘጠናው ወፍራም ነው፣ ሐሩር ያበሰለው ሥጋ፤
የዘጠና ሦስቱ ኮስታራ፣ ሠላሳ ዓመት በር ዘግቶ የተነሣ ገና ሲነጋ።
ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ እናት ልጅ አይመስሉም፤
ዳገቱ አንድ፣ ግንዱ አንድ፤ ደመናና ፀሐይ ግን ሁለቴ አንድ ልብስ አይሰፉም።

ከዚያ ባርናቤ ሳይጠየቅ ሌላ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣
ወረቀቱን ሻጋታ ጨርሶት፣ ዓመቱ ከላዩ የታጣ።
ሁለቱ ቀመሱ። ዝም አሉ፣ ዝምታው እኔን እስኪከብደኝ ድረስ፤
ሶላንዥ ብርጭቆዋን ጨበጠች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እስኪፈስ።
«የአባባ እጅ ነው» አለች። «ስድሳ ዘጠኝ፣ የተወለድኩበት።»
«የአባባ እጅ ነው» አለ እሱም፤ «ዓመቱን ብቻ ነው የሳትሽበት።»
ስድስት ዓመት በአንድ ቃል ተስማምተው አያውቁም ነበርና
እኔም ብዕሬን አነሣሁ፣ ይህስ በጽሑፍ ይጽና።

ባርናቤ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ይቅርታ ልጆቼ፤ ይሄ የማዳም ኡርሱል ነው፣ ከማዶ፤
አባታችሁ በአሳማ ግልገል ለውጠውት፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ በጀርባዬ፣ በበረዶ።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላየሁም፤ ሻማው ግን ተንቀጠቀጠ።
የእሷ ሳቅ ወደ ሳል፣ የእሱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ሲረጋጉ፣ «እህስ ጸሐፊው» አለችኝ፣ «ምን ጻፍክ?»
መዝገቡን ገልጬ አሳየኋት፦
ዓመት፣ አለ።
ብዛት፣ አለ፤ በአምስት የጎደለ።
ዋጋ፣
እሱን ነገ፣ አልኩ።

አንሴልም ከሰባ ስምንቱ የተረፈውን፣ ደክሟል ያለውን፣ ቀዳልኝ።
ከተከፈተ ሁለት ሰዓት አልፎታል።
ጠጣሁ።
መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ብርድ። ቀጥሎ ዝናብ የነካው እንጨት።
ከዚያ፣ ከምላሴ ስር፣
የማላውቃቸው ሰውዬ ከአደን ገብተው
አንድ ጓንቲ አወለቁ፤
ሁለተኛውን ስጠብቅ
ብርጭቆው አለቀ።